ዝና በጉግል ቁና

የሰው ስም ጉግል ላይ ጽፎ የሚመጣውን ማየት የዘመናችን የማጣራት ወግ ሆኗል። ልጁን የሚድር ቤተሰብ የአማቹን ስም ይፈልጋል፤ ቀጣሪ የአመልካቹን፣ ጋዜጠኛ የእንግዳውን፣ ደራሲ ደግሞ የራሱን። ብዙ ገጽ የመጣለት «ታዋቂ ነው» ይባላል፤ ምንም ያልመጣለት «ማን ያውቀዋል?» ይባልና ይታለፋል። ፍርዱ በሰከንድ ይሰጣል። ጥያቄው ግን የሰከንድ አይደለም፤ የሰው ዝና በቁጥር ይሰፈራል ወይ? ከተሰፈረስ በየትኛው ቁና? ይህ ከ20 ዓመት በላይ ሲመረመር ቆይቷል። የፊዚክስ፣ የማኅበረሰብ ጥናት፣ የቋንቋና የኮምፒውተር ሰዎች በየፊናቸው ገብተውበታል። እዚህ ያገኙትን እቃኛለሁ፤ ከዚያም ያ መስፈሪያ በአማርኛ የተጻፈ ስም ሲገጥመው ምን እንደሚሆን አሳያለሁ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሚኻይል ሲምኪንና ቭዋኒ ሮይቾውድሪ በ2003 ጥሩ መላ አገኙ። ዝናን ከሥራ ጋር ለማስተያየት ሥራው ራሱ ያለ ክርክር የሚቆጠር መሆን አለበት። የገጣሚ ሥራ እንዲህ አይቆጠርም፤ የሠዓሊም አይቆጠርም። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አብራሪ ግን ስንት የጠላት አውሮፕላን እንደጣለ በመዝገብ ሰፍሮለታል። ስለዚህ የአብራሪዎቹን ስም አንድ በአንድ ጉግል ላይ እየፈለጉ፣ የመጣውን የገጽ ብዛት ከጣሏቸው አውሮፕላኖች ብዛት ጋር አመሳከሩ። በሥራውና በዝናው ሎጋሪዝም መካከል ያገኙት ትስስር 0.7 ገደማ ነው። በተራ አነጋገር ሥራ በመደመር ሲያድግ ዝና በመባዛት ያድጋል። አምስት አውሮፕላን ጨምሮ የጣለ ሰው ዝናው በተወሰነ እጥፍ ይበዛል፤ ቀጣዮቹ አምስት ደግሞ የበዛውን መልሰው ያበዙታል። ከፊት ያሉት ጥቂቶች ዝናውን ጠቅልለው የሚወስዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ግኝቱ ያምራል፤ ነገር ግን 0.7 የሚባለው ትስስር ከልዩነቱ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው የሚያስረዳው። ቀሪው ግማሽ ከየት እንደሚመጣ ለማየት ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ማቆም ይበቃል። ጀርመናዊው ማንፍሬድ ፎን ሪክትሆፈን 80 አውሮፕላን ጥሏል። ፈረንሳዊው ሬኔ ፎንክ 75 ጥሏል፤ ከተባባሪዎቹ ወገን የሚስተካከለው አልነበረም። የአምስት አውሮፕላን ልዩነት ነው። ሪክትሆፈን ግን አውሮፕላኑን ቀይ ቀለም ቀብቶ በረረ፣ በ25 ዓመቱ በሚያዝያ 1918 አየር ላይ ተመትቶ ሞተ፣ «ቀዩ ባሮን» ተባለ። ስኑፒ የተባለው የካርቱን ውሻ በምናቡ ሲዋጋው ኖረ፤ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ፒዛም በቅጽል ስሙ ተሰየመ። ፎንክ ከጦርነቱ ተርፎ እስከ 1953 ኖረ፤ ዛሬ የጦር ታሪክ ወዳጅ ካልሆነ በስተቀር ስሙን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ቀለም፣ ቅጽል ስም፣ በወጣትነት መሞት፣ ካርቱን፣ ፒዛ፤ እነዚህ ሁሉ ገጽ ይወልዳሉ። ቆጣሪው ማሽን የፒዛውን ገጽ ከአብራሪው ለይቶ አይጥልም።

ሁለቱ ተመራማሪዎች እዚያ አላቆሙም። ቀመሩ ለአብራሪ ከሠራ ለሌላውም ይሠራል ብለው ገልብጠው፣ ከዝና ተነስተው ሥራን መገመት ጀመሩ። በኖቤል ተሸላሚ የፊዚክስ ሊቃውንት ላይ ሲሞክሩት ፖል ዲራክ በዝና ከአይንስታይን መቶ ጊዜ እንደሚያንስ፣ ለፊዚክስ ባበረከተው ግን የሚያንሰው ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሆነ አገኙ። ይህን ውጤት እወደዋለሁ፤ ዝና ርቀትን እንዴት አጋኖ እንደሚያሳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። መሠረቱ ላይ ግን እምነቴ የላላ ነው። የሰማይ ተኩስ ሕግ የቤተ ሙከራ ሕግ ይሆናል ያለ ማን ነው? በ2004 ጄምስ ባግሮውና ባልደረቦቹ ይህንኑ ፈትሸው ነበር። የሳይንቲስቶችን የጉግል ውጤት በኤሌክትሮኒክ ማኅደር ካወጧቸው ጽሑፎች ብዛት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ዝናቸው እየተባዛ ሳይሆን ከሥራቸው ጋር እኩል እየተራመደ ሲያድግ አገኙት። ተራ ሳይንቲስት የሚታወቀው ሥራውን በሚያውቁት ሰዎች ዘንድ ነው፤ አብራሪው ግን ሥራውን ባላዩትም ዘንድ ይታወቃል። በእኔ ግምት ከዚህ ዘርፍ ሁሉ ትልቁ ግኝት ይሄ ነው፤ «ዝና» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ቢያንስ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንድ ቀመርም አይገዛውም።

እስካሁን ቁጥሩ ትክክል ነው ብለን ነው የመጣነው። አይደለም። ጉግል «ወደ ይህን ያህል ውጤት» ሲል «ወደ» የምትለዋ ቃል ከባድ ሥራ ላይ ናት። የፍለጋ ሞተሩ ገጾቹን በሙሉ ቆጥሮ አይመልስም፤ ማውጫው በብዙ ማሽኖች ላይ ተከፋፍሎ የተቀመጠ ስለሆነ ከፊሉን አይቶ ጠቅላላውን ይገምታል። ሚሊዮኖች አሉ ያለውን ስም ገጽ በገጽ ወደ መጨረሻው ብትከተሉት ከአንድ ሺህ አልፎ አያሳያችሁም፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም በታች ያቆማል። ያንኑ ስም በሌላ ቀን ወይም ከሌላ አገር ብትጽፉት ሌላ ቁጥር ሊመጣ ይችላል። ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ውጤቱ ለየፈላጊው እንዲስማማ ተደርጎ ይደረደራል፤ ራሱን የሚፈልግ ሰው ስሙ ላይኛው ላይ ሲወጣ ከማመኑ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ቢያይ ይሻለዋል።

በ2005 ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ዣን ቬሮኒስ የእነዚህን ቁጥሮች አለመጣጣም በአደባባይ አሳየ። በዚያው ዓመት ያሁ ማውጫው ከ19 ቢሊዮን በላይ ገጾች እንደያዘ ሲያስታውቅ፣ ጉግል ከ8 ቢሊዮን በላይ ይል የነበረውን የራሱን ቁጥር ከፊት ገጹ ላይ አነሳ። የቁጥር ፉክክሩ ትርጉም አልነበረውም። በ2007 የቋንቋ ተመራማሪው አዳም ኪልጋሪፍ የጉግልን ቁጥር ይዞ ጥናት መሥራት መጥፎ ሳይንስ ነው ብሎ ቁርጥ ያለ ጽሑፍ አወጣ። ዛሬ የውጤት ብዛቱ ራሱ ከዓይን ርቆ ከመሣሪያዎች ማውጫ ሥር ገብቷል። ስለዚህ «ይህን ያህል ሺህ ውጤት አለው» የሚለው ማስረጃ በፍርድ ቤትም ሆነ በሽልማት ኮሚቴ ፊት እንደ ቆጠራ ሊቀርብ አይገባም።

ይህ ድክመት ሌሎችን ወደ ተሻለ ምንጭ ገፋቸው። በ2011 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከጉግል ጋር ሆነው 5 ሚሊዮን ያህል በዲጂታል የተቀዱ መጻሕፍትን አጠኑ፤ እስከዚያ ከታተመው መጽሐፍ ሁሉ 4 በመቶ ያህሉ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያና በ20ኛው አጋማሽ የተወለዱ ዝነኞችን ሲያስተያዩ፣ የኋለኞቹ ስማቸው ቀድሞ በወጣትነት የሚገን፣ ቶሎ የሚያድግ፣ ቶሎም የሚደበዝዝ ሆኖ አገኙት። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የሠዓሊው የማርክ ሻጋል ጉዳይ ነው። በናዚ ዘመን ስሙ ከጀርመንኛ መጻሕፍት ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው በእንግሊዝኛው እያደገ ነበር። የቁጥሩ መውደቅ የዝናን ማነስ ሳይሆን የሳንሱርን እጅ ያሳያል። ስም አለመገኘቱ «አይታወቅም» ማለት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። በዚሁ መረጃ ላይ ተመሥርተው ጆን ቦሃነንና ኤድሪያን ቬሬስ ሳይንቲስቶችን «ሚሊ ዳርዊን» በሚባል መለኪያ ደረጃ ሰጧቸው፤ ቻርልስ ዳርዊን አንድ ሺህ ሚሊ ዳርዊን ሆኖ ሌላው በእርሱ ልክ ይሰፈራል።

ዝና ቶሎ ይደበዝዛል የሚለው ግን ሁሉን አላሳመነም። በ2013 አርኑት ቫን ደ ራይትና ባልደረቦቹ በእንግሊዝኛ ጋዜጦች ላይ የሚነሱ ስሞችን ተከትለው፣ እውነተኛ ታዋቂዎች ከዓመት ዓመት እነዚያው እንደሆኑ አሳዩ፤ ዝና የ15 ደቂቃ ነው የሚለው አባባል ለታችኞቹ እንጂ ለላይኞቹ አይሠራም። ምክንያቱን ለመረዳት የ2006ቱ የሙዚቃ ሙከራ ይረዳል። ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን በተለያዩ ቡድኖች ከፍለው የማይታወቁ ዘፈኖችን አሰሟቸው። ሌሎች ስንት ጊዜ እንዳወረዱት የሚያሳይ ቁጥር ያዩ ቡድኖች ወደ ቀደመው ዘፈን ይበልጥ ጎረፉ፤ በየቡድኑም ያሸነፈው ዘፈን የተለያየ ነበር። ቁጥሩ ዝናን ከመለካት አልፎ ፈጠረው። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 ያወጡት የጉግል ደረጃ አሰጣጥም ጠባዩ ይህ ነው። የአንድ ገጽ ክብደት ወደ እርሱ በሚያመለክቱ ሌሎች ገጾች ይወሰናል፤ በላይ የወጣ ይታያል፣ የታየ ይጠቀሳል፣ የተጠቀሰ በላይ ይወጣል።

ዊኪፒዲያን መሠረት ያደረጉት ልኬቶች ደግሞ ሌላ መስመር ናቸው። ያኔ በኤምአይቲ የነበረው የሴዛር ሂዳልጎ ቡድን «ፓንቴዮን» በተባለው ሥራ ታሪካቸው ከ25 በላይ በሆኑ የዊኪፒዲያ ቋንቋዎች የተጻፈላቸውን 11,341 ሰዎች ሰብስቧል። ስቲቨን ስኪየናና ቻርልስ ዋርድ በ2013 ባወጡት መጽሐፍ ግን ከዊኪፒዲያዎቹ የእንግሊዝኛውን ብቻ ይዘው የዓለምን ታሪክ ደረጃ ሰጡ፤ ናፖሊዮን ሁለተኛ፣ ሼክስፒር አራተኛ፣ አብርሃም ሊንከን አምስተኛ ወጡ። የሊንከን ቦታ የዓለም ሳይሆን የእንግሊዝኛ አንባቢ ፍርድ ነው። የፓንቴዮን የ25 ቋንቋ ወንፊት ይሻላል፤ ሆኖም በአማርኛ ብቻ የሚታወቅ ሰው፣ አገር ሙሉ ቢያለቅስለትም፣ በዚህ ወንፊት አንድ ቋንቋ ነው። ያውም የአማርኛው ዊኪፒዲያ ጽሑፎች 15 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው።

ሰው ስንት ጊዜ ተጻፈ ከማለት ይልቅ ስንት ጊዜ ተፈለገ ብሎ መጠየቅም ይቻላል። ጉግል ትሬንድስ ከ2006 ጀምሮ ይህን ያሳያል፤ የፍለጋውን ብዛት ሳይሆን ከራሱ ጣሪያ አንጻር ከ0 እስከ 100 አድርጎ። ሰኔ 25 ቀን 2009 ማይክል ጃክሰን ሲሞት ስሙን የሚፈልገው ሰው ብዛት የጉግል ዜና ማሽኖች ጥቃት እስኪመስላቸው አደረሰ፤ ለ25 ደቂቃ ያህል አንዳንድ ፈላጊዎች ከዜና ይልቅ የይቅርታ ገጽ ደረሳቸው። ሞትና ቅሌት ፍለጋን እንደሚያፈነዱ ከዚህ ይታያል፤ የፍለጋ ጫፍ የሚያሳየው የሆነ ቀን ድንጋጤን ነው። ለሰው ሁሉ ከ1 እስከ 100 ነጥብ ይሰጥ የነበረው ክላውት የተባለ ድረ ገጽ ደግሞ አንድ ጊዜ ጀስቲን ቢበርን ከባራክ ኦባማ በላይ አስቀምጦ ስሌቱን ለመለወጥ ተገደደ፤ በ2018 ተዘጋ።

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን እንፈልግ። የመጀመሪያው ፊደል ጸ ወይም ፀ ይሆናል፤ ሁለት። የስማቸው መጨረሻ ዬ ወይም የ፤ ሁለት። የአባታቸው ስም ተለያይቶ «ገብረ መድኅን»፣ ተጋጥሞ «ገብረመድኅን»፣ ወይም በሕዝባር «ገ/መድኅን» ይጻፋል፤ ሦስት። ድኅን ላይ ያለው ፊደል ኅ፣ ህ ወይም ሕ ነው፤ ሦስት። ሁለት በሁለት በሦስት በሦስት 36 ይሆናል። አንድ ሰው፣ አንድ አንባቢ ያለ ችግር የሚያውቀው ስም፣ 36 አጻጻፍ። ለዓይናችን ሁሉም አንድ ናቸው፤ በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ ድምፃቸው አንድ መሆኑን ማሽኑ ካልተነገረው አያውቅም። ስሙን በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገብቶ የፈለገ ሰው ከ36ቱ የአንዱን ድርሻ ይዞ «የሎሬቱ ዝና ይህን ያህል ነው» ሊል ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የ«ጸ» አጻጻፍ ብቻውን ሌላ ሦስት አራት መንገድ አለው። ሪክትሆፈን ይህ ችግር የለበትም።

ሁለተኛው ችግር የስም ሥርዓታችን ነው። የፈረንጅ መዝገብ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ይይዛል፤ የእኛ ግን የአባት ስም ነው። በውጭ የስፖርት ዘገባ «ዲባባ» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ ጥሩነሽ ናት፣ ገንዘቤ ናት ወይስ እጅጋየሁ? ሦስቱም እህትማማቾች የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አላቸው። የእያንዳንዷን ዝና በዚያ ስም ልለካ የሚል ሰው የአባታቸውን ስም ነው የሚቆጥረው። አቤል ተስፋዬ የሚለውን ስም ደግሞ አስቡት፤ በየትምህርት ቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አቤል ተስፋዬ አይጠፋም። ከቶሮንቶ የተነሳው ድምፃዊ ግን ዓለም የሚያውቀው ዘ ዊክንድ በሚለው የመድረክ ስሙ ነው፤ ከቃሉ ውስጥ አንድ አናባቢ ስለጎደለ አጻጻፉ ከማንም አይምታታም። ስሙ ለፍለጋ የተመቸ ሆነለት፤ እዚህ አገር ስሙን ይዞ የቀረ መምህር ወይም ገበሬ ግን በእርሱ ገጾች ሥር ተቀብሮ ይቀራል።

ሦስተኛው ደግሞ ጊዜ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ጽሑፍ በየራሳቸው ስሌት በሚሠሩ ፎንቶች ይተየብ ነበር፤ ያ ጽሑፍ ዛሬ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናል። ብዙው መጽሐፍና ጋዜጣ ደግሞ በፎቶ ስካን ነው ያለው፤ ሰው ያነበዋል፣ ማሽን ግን አያየውም። አሁን ያለው የአማርኛ ወሬ በቴሌግራም ቻናልና በፌስቡክ ላይ ይፈስሳል፤ የፍለጋ ሞተር ወደዚያ የሚገባው በጠባብ በር ነው። ከሁሉም በፊት ካሴትና ሬዲዮ ነበሩ። ክቡር ዶክተር ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 2009 ሲያርፉ ያዘነው ሕዝብ ያወቃቸው በጆሮው ነው፤ የዘፈናቸው ጉልበት ግጥሙ ውስጥ ስለሆነ አማርኛ የማይሰማ ሐያሲ የሚያገኘው ከፊሉን ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ግን ቃል በሌለው ሙዚቃቸው፣ በ1998 በወጣው የኢትዮፒክስ አራተኛ ቅጽና በ2005 በወጣው የጂም ጃርሙሽ ፊልም አማካይነት በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ብዙ ተጻፈላቸው። ሁለቱም ታላላቆች ናቸው። ጉግል የሚለካው ግን ለማን በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ ነው፤ የአገር ቤት ሰው ስንቱ ዘፈናቸውን በቃሉ እንደያዘ የሚናገርበት ሳጥን የለውም።

ይህ ሁሉ የተመራማሪ ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ባላስጨነቀኝ። ቁጥሩ ግን በር ጠባቂ ሆኗል። በግንቦት 2018 ስለ ካናዳዊቷ ፊዚክስ ሊቅ ዶና ስትሪክላንድ ለእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ የቀረበ ረቂቅ ታዋቂነቷን የሚያሳይ በቂ ምንጭ የለውም ተብሎ ተመለሰ። በጥቅምት ወር መጀመሪያ የፊዚክስ ኖቤልን አሸነፈች፤ ከማሪ ኩሪና ከማሪያ ጎፐርት ማየር ቀጥላ ሦስተኛዋ ሴት። ገጿ የተጻፈው በዚያው ቀን ነው። የሠራችው ሥራ ግን ከ30 ዓመት በፊት ታትሞ ነበር። በተቃራኒው ደግሞ ፍለጋው የማይፈለግ ዝና ያመጣል፤ አንድ ስፔናዊ በ1998 ለዕዳ ስለቀረበ የቤት ጨረታ የወጣ አጭር የጋዜጣ ማስታወቂያ ስሙ በተፈለገ ቁጥር እየወጣ ስላስቸገረው ተከራክሮ፣ ግንቦት 13 ቀን 2014 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ማገናኛ ከስም ፍለጋ እንዲነሳ የመጠየቅ መብት አለው ሲል ፈረደለት።

እንግዲህ መለኪያው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ሙያ፣ በአንድ ዘመን ያሉ ሰዎችን ለማስተያየት ያገለግላል፤ አብራሪን ከአብራሪ። ጉግል ትሬንድስ ላይ ስሙን እንደ ቃል ሳይሆን እንደ ርዕሰ ጉዳይ መምረጥ የአጻጻፉን ልዩነት በከፊል ያጠብበዋል። ከ2015 ጀምሮ ያለው የዊኪፒዲያ ገጽ ጎብኚ ቆጠራም ከጉግል ግምት ይልቅ የታመነ ነው፤ የሚቆጥረው የተከፈተውን ገጽ ነውና። አንድን ዘፋኝ ከአንድ ሐኪም፣ አንድን የአማርኛ ደራሲ ከአንድ የእንግሊዝኛ ደራሲ ጋር በዚህ ቁና መስፈር ግን ስህተት ነው፤ ለሹመትም፣ ለሽልማትም፣ ለመቃብር ክብርም።

ከ2024 ወዲህ ደግሞ ጉግል በብዙ ፍለጋ ላይ ከማገናኛዎቹ በፊት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ መልስ ያስቀድማል። ቁጥር የለም፤ «ይህ ሰው እንዲህ ነው» የሚል አንቀጽ ብቻ። ያ መልስ የሚቀዳው በማሽን ከሚነበብ ጽሑፍ ስለሆነ፣ በማሽን የማይነበበው የአማርኛ ክምችት እንደገና ይቀራል። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1941 ጀምሮ ታትሟል፤ ከዚያ ወዲህ ያለ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ሕይወት ስሞች በገጾቹ ላይ አሉ። በቤተ መጻሕፍትና በቤተ መዛግብት ያሉት ቅጾች በማሽን ወደሚነበብ ጽሑፍ ቢለወጡ፣ ሀን ከሐ፣ ጸን ከፀ፣ ሠን ከሰ የሚያዛምድ መፈለጊያም ቢሠራላቸው፣ የሃርቫርዶቹ ለሻጋል ያደረጉትን እኛም ለራሳችን ሰዎች ማድረግ እንችላለን፤ ማን በየትኛው ዓመት ስሙ እንደገነነ፣ በየትኛው ዓመት በድንገት እንደጠፋ፣ ከጠፋበትም መቼ እንደተመለሰ።